መብራት ሲመጣ የሚመለሰውና የማይመለሰው

እኔ ዕድሜዬን በነርስነት አገልግዬ በጡረታ ቤቴ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት ጻፊ ብባል አይከብደኝም። ስለ ኮምፒዩተር እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ እሱ ነው። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት በአንድ ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ሰባት ስሞች ጠፍተውብኛል። ስሞቹን ከእናቴ በስተቀር የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት የለም።

እናቴ 88 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። ተወልዳ ያደገችው መንዝ ነው። አያቴ ስምንት ልጆች ወልዳ ለወግ ለማዕረግ የበቃችው እናቴ ብቻ ናት። ሌሎቹን ኩፍኝም፣ ትክትክም፣ ስሙ ያልታወቀ ትኩሳትም እየወሰዳቸው በሕፃንነታቸው አልፈዋል። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ክትባት አልነበረም። እናቴ ስለ እነሱ ብዙም አታወራም ነበር። ብናነሣባትም «ነፍሳቸውን ይማር» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ትሻገራለች።

ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናል፣ መርሳት መጀመሯን ሳይ የምትናገረውን መጻፍ ጀመርኩ። ታናሽ ወንድሜ ከዋሽንግተን ለዓመት በዓል ሲመጣ ትቶልኝ የሄደው ላፕቶፕ ነበር። የአማርኛውን ኪቦርድ የልጅ ልጄ አስተማረኝ። በሁለት ጣት ፊደል እየለቀምኩ፣ ቀስ በቀስ 40 ገጽ ደረስኩ።

ያን ዕለት የሆነው

ቡና ተጠጥቶ ገና ረከቦቱ አልተነሣም። እናቴ ሳትጠየቅ «የመጀመሪያው ወንድ ነበር» ብላ ጀመረች። ከዚያም በጣቷ እየቆጠረች የሰባቱንም ስም በቅደም ተከተል ነገረችኝ። ማን በማን ላይ እንደተወለደ፣ ማን ድክ ድክ ማለት ጀምሮ እንደነበር፣ ማን ገና ክርስትና እንደተነሣ አንድ በአንድ አወጋችኝ። እኔም እንዳላቋርጣት ትንፋሼን ውጬ እጽፍ ነበር። የመጨረሻዋን ልጅ ስም ጽፌ ቀና ስል መብራት ሄደ።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ሶኬት ላይ እስካለ ይሠራል፤ ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ ያኔውኑ ይጠፋል። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን እምብዛም አልደነገጥኩም። ከዚህ በፊትም እየጠፋብኝ፣ መልሼ ስከፍተው የጻፍኩት ተመልሶ ስለሚመጣ «ያስቀምጥልኛል» የሚል እምነት አድሮብኝ ነበር። እናቴም ደክሟት ጋደም አለች።

መብራት የመጣው ሌሊት ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዎርድ ሲከፈት በስተግራ በኩል በአንዲት ሣጥን ውስጥ የፋይሌን ስም አሳየኝ፤ የዳነ ቅጂ አለሽ ማለቱ ነው። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ጽሑፉ ግን «የመጀመሪያው ወንድ ነበር» ከሚለው በፊት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

ወደ እናቴ ሄድኩ። «እማዬ፣ ትናንት የነገርሽኝን የወንድሞችሽንና የእኅቶችሽን ስም ድገሚልኝ» አልኳት። በደስታ ጀመረች። አምስት ቆጠረች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። «አለ እኮ፣ አፌ ላይ ነበር» አለች። ሁለት ስም ጎደለን።

የሚሠራበትና የሚቀመጥበት

በሰፈራችን ኮምፒዩተር የሚጠግን ወጣት አለ። ላፕቶፑን ይዤለት ሄጄ «አባቴ፣ እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ይኖራል፤ ፈልግልኝ» አልኩት። ጎርጉሮ ጎርጉሮ ራሱን ነቀነቀ። «ማዘር፣ ይሄ የተመለሰው ኮምፒዩተሩ በየጊዜው በራሱ ጽፎ ያስቀመጠው ነው። ከዚያ በኋላ የጻፉት ግን የትም አልተቀመጠም። ያልተቀመጠ ደግሞ አይፈለግም» አለኝ። ነገሩ ስለከነከነኝ እሱን እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩም ያገኘሁትን ለእኔ ቢጤዎቹ ላካፍላችሁ።

ኮምፒዩተር ነገር የሚይዝበት ሁለት ዓይነት ቦታ አለው። አንዱ ራም ይባላል፤ የሚሠራበት ቦታ ነው። ሌላው ዲስክ ነው፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ። ስንጽፍ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ስለሚታየን የተቀመጠ ይመስለናል። በእውነቱ ግን ያለው ራም ውስጥ ነው። ራም ደግሞ መብራት ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይለቃል።

ይህን በእኔ ሙያ ላስረዳ። አዳር ተረኛ ሆኜ ስሠራ፣ ጠዋት ላይ ለቀን ተረኛዋ ርክክብ እናደርጋለን። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የአሥራ አምስት ሰው ነገር በልቤ ይዤ አድሬያለሁ። የማን ትኩሳት እንደጨመረ፣ ማን እንዳስመለሰው፣ ለማን መድኃኒት እንደተሰጠ አውቃለሁ። ቀን ተረኛዋ የምትሠራው ግን ቻርቱ ላይ በሰፈረው ነው። «ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትኩሳቱ 39 ገብቶ ነበር» የሚለውን ሳልጽፍ ወደ ቤቴ ከሄድኩ፣ ለእሷ ያ ትኩሳት አልነበረም ማለት ነው። ራም የተረኛዋ ልብ ነው፤ ዲስክ ደግሞ ቻርቱ። መብራት ሲጠፋ ተረኛዋ ርክክብ ሳታደርግ ከክፍሉ ወጣች ማለት ነው።

ራም ለምን እንዲህ ሆነ? በውስጡ ያለው እያንዳንዱ መረጃ የሚያዘው እጅግ ጥቃቅን በሆነ የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው። ሙሌቱ ደግሞ እንደሚያፈስ እንስራ በራሱ ጊዜ ይጎድላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ፣ እየዞረ መልሶ ይሞላዋል። መብራት ሲሄድ የሚሞላው ስለሌለ ያልቃል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በነበሩት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሥራ ማኅደረ ትውስታው እንደ ዶቃ በሽቦ ላይ ከተሰኩ የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ነበር። ቀለበቶቹ መብራት ቢጠፋም የያዙትን አይለቁም። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1970 እ.ኤ.አ. አዲሱን የራም ዓይነት ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው ረከሰ፣ መጠኑም አነሰ። የመርሳት ጠባዩ ግን አብሮ መጣ። እንግዲህ «ሴቭ አድርጉ» የሚባለው ምክር እስከ ዛሬ ያልሞተው ለዚህ ነው።

የ10 ደቂቃው ነገር

ታዲያ ዎርድ 40ውን ገጽ ከነሣጥኑ እንዴት መለሰልኝ? ዎርድ በራሱ ጊዜ፣ እኛን ሳያስቸግር፣ የድንገተኛ ቅጂ ይጽፋል። ማንም ካልነካው በየ10 ደቂቃው እንዲጽፍ ተደርጎ ነው የሚመጣው። መብራት ከሄደ በኋላ መልሳችሁ ስትከፍቱት በሥርዓት እንዳልተዘጋ ያውቃል፤ ያን ቅጂ ፈልጎ ያቀርብላችኋል። እኔ በሁለት ጣቴ ሰባቱን ስምና ታሪካቸውን ለመጻፍ የወሰደብኝ ጊዜ በሁለት ቅጂዎች መካከል ወድቆ ነበር። የመጨረሻው ቅጂ የተጻፈው እናቴ «የመጀመሪያው» ከማለቷ በፊት ነው። የሚቀጥለው ቅጂ ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ሄደ።

አንድ የምትስቱት ነገር እንዳይኖር። ይህ የድንገተኛ ቅጂ ለአደጋ ጊዜ እንጂ ለሁልጊዜ አይደለም። ጽሑፋችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ዎርድን በሥርዓት ስትዘጉት፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ቅጂውን ይጥለዋል። በተቃራኒው ጽሑፉን ማይክሮሶፍት «ዋንድራይቭ» ብሎ በሚጠራው የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ከከፈታችሁትና የዎርዱ ዓይነት የሚፈቅድ ከሆነ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ ያስቀምጣል። ጉግል ዶክስም እንዲሁ ነው። እነዚህ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፤ መብራት በሚሄድበት ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ ዋይፋይም አብሮ ይሄዳል።

በስልካችሁ ላይም ይህን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ መልእክት ጀምራችሁ ሳትልኩ ብትወጡ፣ ስትመለሱ «ድራፍት» ብሎ ያቆይላችኋል። አንዳንዱ አፕ ግን ይህን አያደርግም። ይህ የሚወሰነው አፑን በሠራው ሰው ነው።

ራሱ ጠፍቶ ራሱ ሲነሣ

እስካሁን ያወራሁት መብራት በድንገት ስለሚጠፋበት ጊዜ ነው። ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሪስታርት ሲያደርግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ስናዘውም ሆነ አፕዴት አውርዶ በራሱ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ «ልዘጋ ነው፤ የቀረህ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ የያዘው ፕሮግራም ሊያዘገየው ይችላል። በዚያን ጊዜ ነው ስክሪኑ ላይ የፕሮግራሞቹ ስም ተዘርዝሮ «ምንም ቢሆን ሪስታርት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ የሚመጣው። ቸኩላችሁ እሺ ካላችሁ ያልተቀመጠው ሊቀር ይችላል።

ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የነበሩትን ፕሮግራሞች መልሶ የሚከፍተው እንዴት ነው? ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ ይኸውም ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አንድ ፕሮግራም አስቀድሞ ለዊንዶውስ «ከተዘጋሁ መልሰህ ቀስቅሰኝ» ብሎ መመዝገብ ይችላል። የተመዘገበው ይቀሰቀሳል፤ ያልተመዘገበው ይቀራል። አንዳንዱ ፕሮግራም ተመልሶ ሌላው የት እንደገባ የማይታወቀው ለዚህ ነው። ሲበላሽ ደግሞ አንድ የጥንቃቄ ደንብ አለ። ፕሮግራሙ ተከፍቶ 60 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው ከወደቀ ዊንዶውስ አያነሣውም፤ እየወደቀ እየተነሣ ማለቂያ የሌለው ነገር እንዳይሆን ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ የሚቀሰቅሰው ፕሮግራሙን ነው። በውስጡ የነበረውን ጽሑፍ የመመለስ ሥራ የፕሮግራሙ የራሱ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ ማለት ትናንት የጀመረውን ያስታውሳል ማለት አይደለም። ዎርድ ቅጂ ስላለው ይመልሳል። ኖትፓድ የተባለው ትንሹ ማስታወሻ ለረጅም ዘመን ምንም አይመልስም ነበር፤ የዊንዶውስ 11 ኖትፓድ ነው ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያልተቀመጠውንም ጭምር መመለስ የጀመረው።

አፕል ኮምፒዩተር ያላችሁ ደግሞ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማክ ሪስታርት ሲደረግ «የነበሩትን መስኮቶች መልሼ ልክፈት?» ብሎ ይጠይቃል። በጥያቄው አጠገብ ያለችውን ምልክት ማጥፋትና ማብራት የእናንተ ፈንታ ነው።

ኢንተርኔት የምናይበት ክሮምም «ካቆምክበት ቀጥል» የሚል ምርጫ አለው። እሱ የሚያስቀምጠው በዋናነት የገጾቹን አድራሻ ነው። ሲነሣ አድራሻዎቹን ይዞ ገጾቹን እንደገና ከኢንተርኔት ያመጣል። ስለዚህ ገጹ ተመልሶ፣ ግማሽ የሞላችሁት ፎርም ግን ባዶውን ሊመጣ ይችላል።

ሁለት ቃላት ልጨምር። «ስሊፕ» ማለት ኮምፒዩተሩ እያንቀላፋ፣ ራሙ ግን ትንሽ ኤሌክትሪክ እየጠጣ መቆየቱ ነው። መብራት ከሄደና ባትሪ ከሌለ ሁሉም ይጠፋል። «ሃይበርኔት» ግን በራም ያለውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ገልብጦ ሙሉ በሙሉ መጥፋት ነው። ሳምንት ቢቆይም ሲነሣ እንደነበረ ይመለሳል። እንደ እኔ ባትሪ የሞተበት ላፕቶፕ ያለው ሰው ልዩነቱን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሳይፈለግ የተመለሰው ደብዳቤ

ስሞቹ ከጠፉ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ገጠመኝ።

አንድ ምሽት እናቴ ከተኛች በኋላ ለወንድሜ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ማንም እንዲያየው አልፈለግሁም። «እናታችን እየረሳች ነው። ትናንት እኔን በእኅቷ ስም ጠራችኝ። ነርስ ነኝ፤ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የራስ እናት ስትሆን ግን ማወቅ አይበቃም። ብቻዬን ከብዶኛል» የሚል ነበር። ሳልጨርሰው እንባዬ ስለመጣ ተውኩት። ሴቭም አላደረግሁትም። ሴቭ ካላደረግሁት የለም ብዬ፣ ላፕቶፑን እንደተሰካ ትቼ ተኛሁ።

ሌሊት ላፕቶፑ አፕዴቱን አውርዶ በራሱ ሪስታርት አድርጓል። በማግስቱ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ የቤት ሥራውን ሊሠራ ከፈተው። የይለፍ ቃሉ የሁላችንም አንድ ነው። 11 ዓመቱ ነው፤ የአማርኛ ንባቡ ጥሩ ነው ተብሎ በመምህሩ ስለተመሰገነ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ዎርድ በራሱ ተከፍቶ ደብዳቤውን ፊቱ ዘረጋለት። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ።

«እናታችን እየረሳች ነው» ሲል ድምፁን ሰማሁ። ቢላዋውን ጥዬ ስሮጥ ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሶ ቆሟል። ገብቶታል። «እማማ፣ ትልቋ እማማ ናት?» አለኝ፤ ፊቱ ተለዋውጦ። የምለው ጠፋኝ።

መልሱን የሰጠችው እናቴ ናት። «እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔስ ያላወቅሁ መስሎሽ ነው? ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ሲመለስ የምሰማው እኔው ነኝ። እናንተ እስክታነሡት ነው የጠበቅሁት» አለችኝ።

ያን ቀን እራት ሳንሠራ መሸ። ብዙ አወራን። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። በዚህ አጋጣሚ እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ነገር ልናገር፦ በዕድሜ የገፋ ሰው ሲረሳ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉ። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባትና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሕክምና አላቸው። ይህን ለሰው ስናገር የኖርኩ ሴት፣ ለገዛ እናቴ ሁለት ዓመት ዘገየሁ። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤው ባይወጣ አሁንም ባዘገየሁ ነበር።

ይህን ስል ኮምፒዩተሩ ደግ ሠራ ማለቴ አይደለም። ደብዳቤው የሌላ ቤት ቢሆን፣ የሕክምና ውጤት ቢሆን፣ የርስት ጉዳይ ቢሆን ስንት ጣጣ ያመጣ ነበር! ኮምፒዩተር የቱ እንዲመለስ የቱ እንዲቀር እንደምንፈልግ አያውቅም። ስሞቹን ሳይመልስ ደብዳቤውን የመለሰው አንዱ ተጽፎ ስለነበር፣ ሌላው ስላልነበር ብቻ ነው።

ዛሬውኑ የምታደርጉት

ከእኔ ስሕተት ተማሩ። በጣም ቀላል ናቸው፤ ካስቸገራችሁ የልጅ ልጆቻችሁን ጥሩ።

1. ጽሑፍ ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉን ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት። ከዚያ በየአንቀጹ ኮንትሮልን ይዛችሁ «ኤስ»ን ተጫኑ። እኔ ነጥብ በጨረስኩ ቁጥር እጫናለሁ፤ አሁን እጄ ለምዶታል።

2. ዎርድ ውስጥ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» የሚለውን ክፈቱ። 10 የሚለውን ደቂቃ ወደ 1 አውርዱት። ይህ ቢደረግ ኖሮ እኔ የማጣው ቢበዛ የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት ስሞች ነበር።

3. ዊንዶውስ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ «ሳይን-ኢን ኦፕሽንስ» ውስጥ ፕሮግራሞችን መልሶ ስለ መክፈት የሚናገር ማብሪያና ማጥፊያ አለ። ብቻችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ አብሩት። ቤተሰብ በጋራ የሚጠቀምበት ከሆነ አጥፉት፤ ወይም ለየሰው የየራሱን አካውንትና የይለፍ ቃል አውጡ። የሚሻለው ሁለተኛው ነው። ማጥፊያው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዎርድ የያዘውን ቅጂ በተከፈተ ጊዜ ማቅረቡ አይቀርም።

4. ሰው እንዲያየው የማትፈልጉትን ጽሑፍ ክፍት ትታችሁ አትነሡ። «ሴቭ አላደረግሁትም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ዎርድ ሳትሴቩት የዘጋችሁትንም ለጥቂት ቀናት ሊያቆየው ይችላል።

5. ፎቶ ኮፒና ኮምፒዩተር ጽሑፍ ቤት፣ ወይም ኢንተርኔት ካፌ ስትጠቀሙ፣ መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ከኢሜይላችሁ «ሳይን አውት» ብላችሁ ውጡ፤ ፋይላችሁንም ከዴስክቶፑ ላይ አስጠፉ። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው «ካቆምክበት ቀጥል» የሚለውን የእናንተን ገጽ እንዳያገኝ።

6. የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ አስቀይሩት። ትልቁ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ዩፒኤስ ግዙለት። ዩፒኤስ የሚሰጣችሁ ደቂቃዎች ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት ለመዝጋት ናቸው።

7. ዋና ጽሑፋችሁን በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ወይም በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩት። ዲስክም ይሞታል።

8. የሽማግሌ ወይም የአሮጊት ቃል ስትጽፉ በስልካችሁ ድምፁን ቅዱ። ባይሆን ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይኑር። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ በወረቀት ስጽፍ ኖሬ፣ ኮምፒዩተር ሲመጣልኝ ወረቀቱን ንቄ ነው ጉድ የሆንኩት።

የቀረው

የእናቴ መድኃኒት ተጀምሯል። አንድ አንድ ቀን ጥሩ ነች፤ አንድ አንድ ቀን እኔንም ታሳስተኛለች። ደብዳቤው ከተነበበ ወዲህ ግን መርሳቷን አትደብቀንም። «ይሄ ጠፋብኝ፣ ቆይ ጠብቁኝ» ትላለች፤ እኛም እንጠብቃለን። የልጅ ልጄ አጠገቧ ተቀምጦ የሚጠይቅ፣ እኔ የምጽፍ ሆነናል።

ባለፈው ጥር፣ በጥምቀት ማግስት፣ እህል ልታበጥር ሰፌድ ይዛ ተቀምጣ ሳለ ድንገት አንድ ስም ጠራች። የማን እንደሆነ አልገባንም። «የሦስተኛዋ ናት፤ ኩፍኝ የወሰዳት። ጸጉሯ እንደ ሐር ነበር» አለች። የልጅ ልጄ ሮጦ ደብተሩን አመጣና በሒሳብ ሥራው ጠርዝ ላይ ጻፈው። እኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ በባዶው ቦታ ላይ አስገባሁት፤ ኮንትሮልና ኤስን ተጫንኩ። ከዚያ ዘግቼ መልሼ ከፍቼ አለ ወይ ብዬ አየሁ። ነበር።

አሁን ስድስት ስም አለን። በሰባተኛው ቦታ ላይ ነጠብጣብ አድርጌ ትቼዋለሁ። ደብተሩም እስክሪብቶውም ከእናቴ ወንበር አጠገብ ነው።

ቸር እንሰንብት።